የትኛው ዲግሪ ይሻላችኋል? የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞችን ለማነጻጸር

ሁለት የቅበላ ደብዳቤ ደረሳችሁ እንበል። አንዱ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ሌላው የሁለት ዓመት። አንዱ በኮርስ ብቻ ያልቃል፤ ሌላው ቴሲስ (የመመረቂያ የምርምር ጽሑፍ) ያጽፋል። የቱን ትመርጣላችሁ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን ስም ያያል፤ ከዚያ ክፍያውን። ሁለቱም መታየት አለባቸው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህን ወረቀት ይዤ ቀጥሎ የት መግባት እችላለሁ? ሥራ ነው? ፒኤችዲ ነው? የሙያ ፈቃድ ነው? ይህ ከታወቀ የቀረው ምርጫ ይቀላል።

የሚያስቸግረው፣ የዲግሪ ስሞች ከአገር አገር አንድ አለመሆናቸው ነው። ስሙን ብቻ አምኖ የተመዘገበ ሰው ከተመረቀ በኋላ «ይህ እዚህ ማስተርስ ተብሎ አይያዝም» ሊባል ይችላል። ያኔ የጠፋው ጊዜም ገንዘብም አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ የደረጃውን ነገር እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃው ስንት ነው?

ዩኔስኮ የዓለምን ትምህርት በደረጃ የሚከፍልበት መለኪያ አለው። በ2011 የተሻሻለው ይህ መለኪያ ከ0 እስከ 8 ይደርሳል። 5ኛው ደረጃ አጭር የከፍተኛ ትምህርት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። 6ኛው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 7ኛው ማስተርስ፣ 8ኛው ዶክትሬት ነው። አንድ ፕሮግራም ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ከእነዚህ በየትኛው እንደሚመደብ ማወቅ ትችላላችሁ። ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አገሮች የራሳቸውም ቁጥር አላቸው። በአውስትራሊያ የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ 7 ነው፤ ማስተርስ 9፣ ዶክትሬት 10። በስኮትላንድ ደግሞ ዶክትሬት 12 ላይ ነው። ስለዚህ «ደረጃ 7» የሚል ነገር ስታዩ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ። በእንግሊዝ ደረጃ 7 ማስተርስ ነው፤ በአውስትራሊያ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደናግረው ዲፕሎማ የሚለው ስም ነው። በብዙ ቦታ ከዲግሪ በታች ያለ የሙያ ትምህርት ማለት ነው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ተማሪም የሚቀበለው ወረቀት ዲፕሎማ ይባላል። በብሪታንያ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ አለ። ይህኛው የማስተርሱን ኮርሶች አስጨርሶ ቴሲሱን የሚተው ነው። ጀርመን ውስጥ የአውሮፓ አገሮች ዲግሪዎቻቸውን ካቀራረቡበት ከቦሎኛው ለውጥ በፊት ይሰጥ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎም ደግሞ ከማስተርስ ጋር የሚቀራረብ ነበር። አራቱም «ዲፕሎማ» ናቸው።

ማስተርስ የሚለው ስምም ሁልጊዜ አይታመንም። በስኮትላንድ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ጥበባትና በማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጠው ኤምኤ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ደግሞ ቢኤ ላላቸው ምሩቆቻቸው የተወሰኑ ዓመታት ካለፉ በኋላ ያለ ተጨማሪ ትምህርት ኤምኤ ይሰጣሉ። በተቃራኒው የኦክስፎርድ ቢፊል፣ በስሙ የመጀመሪያ ዲግሪ ቢመስልም፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪ፦ ሦስት ዓመት ወይስ አራት?

ቢኤ ነው ቢኤስሲ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ሰው ያስጨንቃል። በልምድ ቢኤ ወደ ሥነ ጥበባትና ማኅበራዊ ጥናት፣ ቢኤስሲ ወደ ሳይንስና ሒሳብ ያደላል። ግን ሕጉ አንድ ወጥ አይደለም። ካምብሪጅ ፊዚክስ የተማረውንም በቢኤ ያስመርቃል። ኢኮኖሚክስን በሁለቱም ስም የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከስሙ ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቡ። ስንት የሒሳብ ኮርስ አለው? ስታቲስቲክስ ግዴታ ነው? የመመረቂያ ጽሑፍ አለው? ኋላ የሚጠየቀው ይህ ነው።

የዓመቱ ጉዳይ ግን በእርግጥ ያስጨንቃል። በ1999 በቦሎኛ ከተማ 29 የአውሮፓ አገሮች ዲግሪዎቻቸውን ለማቀራረብ ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው አውሮፓ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ እየተለመደ መጣ፤ አራት ዓመት የሚወስድም አለ። በእንግሊዝ ሦስት፣ በስኮትላንድ አራት ዓመት ነው። በአሜሪካ ደግሞ አራት ዓመት ነው። ከዚህ አራት ዓመት ውስጥ የተወሰነው ክፍል ለጠቅላላ ትምህርት የሚውል ነው። ተማሪው ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት መስኩን፣ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝ ስትገቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመረጣችሁት ትምህርት ውስጥ ናችሁ።

እንግዲህ ምን እንደምትማሩ ገና ያልለየላችሁ ከሆነ የአራት ዓመቱ ሥርዓት ጊዜ ይሰጣችኋል። ቁርጥ ያለ ፍላጎት ካላችሁ የሦስት ዓመቱ ይጠቅማችኋል፤ አንድ ዓመትና የአንድ ዓመት ወጪ ይቀርላችኋል። ነገር ግን የሦስት ዓመት ዲግሪ ይዛችሁ አሜሪካ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ብታመለክቱ፣ የሚቀበሏችሁም የማይቀበሏችሁም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የሁለት ዓመቱ አሶሺየት ዲግሪም አለ። በአሜሪካ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው። ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ ወደ አራት ዓመት ዲግሪ ለመሸጋገር የተዘጋጀ ነው። ሌላው፣ አፕላይድ የሚል ቃል ያለበት፣ ቀጥታ ለሥራ የሚያዘጋጅ ነው፤ የዚህኛው ክሬዲት ሁሉ ላይዛወር ይችላል። ዓላማችሁ መቀጠል ከሆነ ሁለቱ ተቋማት የክሬዲት ዝውውር ስምምነት እንዳላቸው በጽሑፍ አረጋግጡ።

አንድ ቃል ደግሞ ልጨምር፤ ኦነርስ። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪው ራሱ ብዙውን ጊዜ ኦነርስ ነው። በአውስትራሊያ ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓመት በኋላ በምርምር የሚያልፍ ተጨማሪ አንድ ዓመት ነው፤ ጥሩ ውጤት ያመጣ ሰው በእሱ ብቻ ፒኤችዲ ሊገባ ይችላል። በአሜሪካ ግን በማዕረግ መመረቅን የሚገልጽ ምስጋና ነው እንጂ የትምህርት ዘመን አይጨምርም።

ክሬዲትን መመንዘር

ክሬዲት የትምህርት ጭነት መለኪያ ነው። በአሜሪካ አንድ ክሬዲት ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥና ሁለት ሰዓት ያህል የግል ጥናት፣ ለ15 ሳምንት ገደማ ማለት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ 120 አካባቢ ይጠይቃል። ኢሲቲኤስ የሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ የተማሪውን ሥራ በሙሉ ይቆጥራል፦ ክፍሉን፣ ንባቡን፣ ፈተናውን። አንድ የሙሉ ጊዜ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። በብሪታንያ ደግሞ ዓመቱ 120 ክሬዲት ስለሆነ ሁለቱ የብሪታንያ ክሬዲት አንድ ኢሲቲኤስ ይሆናል።

ስለዚህ 360 የሚል የእንግሊዝ ዲግሪ፣ 180 የሚል የአውሮፓ ዲግሪ፣ 120 የሚል የአሜሪካ ዲግሪ ብታዩ በቁጥሩ አትደናገጡ። ወደ ዓመት መንዝሩት። ሦስት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት ይሆናል። በቃ።

ማስተርስ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ የሚፈስሰው ማስተርስ ላይ ነው። የተሳሳተ ምርጫም የሚበዛው እዚሁ ነው። ዋናው ልዩነት ኤምኤ ወይም ኤምኤስሲ መባሉ ሳይሆን በኮርስ ነው በምርምር የሚለው ነው።

በኮርስ የሚሰጠው ማስተርስ ክፍል ገብታችሁ የምትማሩት፣ የምትፈተኑት፣ መጨረሻ ላይ አጠር ያለ ጽሑፍ ወይም ፕሮጀክት የምታቀርቡበት ነው። በምርምር የሚሰጠው ግን ኮርሱ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም የለውም። ከአንድ አማካሪ ጋር ሆናችሁ የራሳችሁን ጥያቄ ታጠናላችሁ። በብሪታንያ ኤምፊል የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። ሥራ ላይ ያላችሁና ዕውቀታችሁን ማደስ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ሙያ ወደ ሌላ መሸጋገር ከፈለጋችሁ፣ በኮርስ የሚሰጠው ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ቀጣዩ ፒኤችዲ ከሆነ ግን ጠንከር ያለ ቴሲስ የሌለው ማስተርስ አልመክርም። አመልካቹን የሚመዝኑ ፕሮፌሰሮች ማየት የሚፈልጉት «ይህ ሰው ብቻውን ምርምር መጨረስ ይችላል?» የሚለውን ነው። ቴሲስ ያንን በግልጽ ያሳያል።

አሁን ወደ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ጥያቄ እንመለስ። የብሪታንያ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ በሌላው አውሮፓ 90 ወይም 120 ኢሲቲኤስ፣ ማለትም አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት የሆነው ይበዛል። በአሜሪካ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት፣ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። የአንድ ዓመቱ ርካሽ ይመስላል። የኑሮ ወጪው ያንሳል፣ ከሥራ የምትለዩትም ለአጭር ጊዜ ነው። እውነት ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የአንድ ዓመቱ ፕሮግራም መስከረም መጨረሻ ላይ ይጀምራል። የብዙ የአሜሪካ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ይዘጋል። ይህ ማለት ፕሮግራሙን በጀመራችሁ በሦስተኛው ወር፣ ገና አንድ ውጤት ሳይወጣላችሁ፣ የትኛውም መምህር በቅጡ ሳያውቃችሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ልትጠይቁ ነው። ደብዳቤው ምን ሊል ይችላል? በሁለት ዓመቱ ፕሮግራም ግን ሁለተኛው መስከረም ሲመጣ የዓመት ውጤት አላችሁ፣ አማካሪ አላችሁ፣ የተጀመረ ቴሲስ አላችሁ። ወዲያውኑ ፒኤችዲ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያሰላ ደስ ይለኛል። ከተመረቀ በኋላ ዓመት ያህል ሠርቶ የሚያመለክት ሰው ግን የአንድ ዓመቱም አይጎዳውም።

የሙያ ማስተርሶችም አሉ፦ በሕዝብ ጤና፣ በማኅበራዊ ሥራ፣ በትምህርት አመራር። ዓላማቸው ሥራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ነው፤ ሐርቫርድ በ1908 ነው የጀመረው። ጥሩ ኤምቢኤዎች የተወሰኑ ዓመታት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። በእኔ አስተያየት ይህ መስፈርት ለተማሪውም ይበጃል። አብሯችሁ የሚማረው ሰው ልምድ ከሌለው፣ የእናንተም ከሌለ፣ በክፍል ውስጥ የሚነሳው ጉዳይ ሁሉ ከመጽሐፍ የወጣ ብቻ ይሆናል። ኤግዚኪዩቲቭ የሚባለው ኤምቢኤ ደግሞ ሥራቸውን ሳይለቁ ለሚማሩ ኃላፊዎች የተዘጋጀ ነው።

ፒኤችዲ ወይስ የሙያ ዶክትሬት?

ዛሬ የምናውቀው የምርምር ዶክትሬት ቅርጹን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ1861 ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ሰጠው። ኦክስፎርድ በ1917 ተቀበለው፤ እዚያ እስከ ዛሬ ዲፊል ይባላል፤ ያው ፒኤችዲ ነው።

ፒኤችዲ አዲስ ዕውቀት እንድታመጡ ይጠይቃል። የሙያ ዶክትሬት፣ ለምሳሌ በትምህርት ወይም በቢዝነስ አስተዳደር የሚሰጠው፣ ያለውን ዕውቀት በሥራ ቦታ ችግር ላይ እንድታውሉ ይጠይቃል። ጽሑፍ አለው፤ ጥያቄው ግን ከሥራችሁ የሚነሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ መሆን ከፈለጋችሁ ፒኤችዲ ይሻላል። በመሥሪያ ቤታችሁ በአመራር መቀጠል ከፈለጋችሁ የሙያው ዶክትሬት ጊዜያችሁን በተሻለ ይጠቀምበታል።

ሕክምናና ሕግ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የአሜሪካው ኤምዲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት የሚፈጅ የሐኪምነት ትምህርት ነው። በብሪታንያ ያው ሐኪም የሚመረቀው ኤምቢቢኤስ በሚባል ስም ነው፤ ትምህርቱን ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥታ ይጀምራል። እዚያ ኤምዲ ሲባል የምርምር ዲግሪ ነው። በሕግም እንዲሁ፦ ኤልኤልቢ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የአሜሪካው ጄዲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት ነው፤ ኤልኤልኤም ማስተርሱ ነው።

ፒኤችዲውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ መግባት ይቻላል፤ ማስተርስ የግድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኮርስ ናቸው፣ ከዚያ የብቃት ፈተና ይመጣል፣ ቀጥሎ ምርምር። አምስት ስድስት ዓመት መውሰዱ የተለመደ ነው። በብሪታንያ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው፤ ከመጀመሪያው ምርምር ስለሆነ ርእሱን ይዛችሁ ነው የምታመለክቱት፤ ብዙ ጊዜ ማስተርስም ይጠየቃል። በኔዘርላንድስና በስካንዲኔቪያ አገሮች ደግሞ የፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነው፤ የሚያመለክተውም ለተከፈተ የሥራ ቦታ ነው።

ስታነጻጽሩ አንድ ጥያቄ አትርሱ፤ ካልጨረስኩ ምን ይዤ እወጣለሁ? ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች መንገድ ላይ ማስተርስ ይሰጣሉ። በብሪታንያ ብዙ ተማሪ መጀመሪያ በኤምፊል ይመዘገባል፤ ዓመት ያህል ቆይቶ ተገምግሞ ወደ ፒኤችዲ ይሻገራል። ሁሉን ነገር ጨርሶ ጽሑፉ ብቻ የቀረው ሰው ግን ለዚያ የሚሰጠው ዲግሪ የለም። ብዙ ጎበዝ ሰው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው ደረጃ ይልቅ አማካሪው ተማሪዎቹን የሚያስጨርስ መሆኑን አጣሩ። የቀድሞ ተማሪዎቹን ጻፉላቸው፤ ብዙዎቹ ይመልሳሉ።

ፖስት ዶክ ዲግሪ አይደለም፤ ከፒኤችዲ በኋላ የሚያዝ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ ነው። የክብር ዶክትሬትም ለአንድ ሰው አስተዋጽኦ የሚሰጥ ዕውቅና ነው፤ ትምህርት አልተወሰደበትም፤ ለመምህርነት ቅጥር አይቆጠርም።

ተመሳሳይ ቃል፣ ሌላ ትርጉም

በአሜሪካ ቴሲስ የማስተርስ ጽሑፍ ነው፤ ዲዘርቴሽን የፒኤችዲ። በብሪታንያ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ኮርስ በአሜሪካ አንድ ትምህርት ነው፤ በብሪታንያ ሙሉውን ፕሮግራም ሊያመለክት ይችላል፣ አንዱ ትምህርት ደግሞ ሞጁል ይባላል። ፋካልቲ በአውሮፓ የትምህርት ክፍሎች ስብስብ ነው፤ በአሜሪካ መምህራኑ ራሳቸው ናቸው። ረዳት ፕሮፌሰርም፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርም በአሜሪካ «ፕሮፌሰር» ተብለው ይጠራሉ። በብሪታንያ በልማድ ያ ስም ለከፍተኛው ማዕረግ የተያዘ ነው። ለማያውቁት መምህር ሲጽፉ ይህን ማወቅ ከስሕተት ያድናል።

ውጤትም ይለያያል። በአሜሪካ ጂፒኤ ከ4.0 ነው። በጀርመን 1.0 ከሁሉ የሚበልጠው ነው፣ 5.0 ውድቀት ነው። በፈረንሳይ ከ20 ነው፣ ማለፊያው 10 ሲሆን 16 ያመጣ ሰው እጅግ ጎበዝ ይባላል። በብሪታንያ 70 በመቶ አንደኛ ደረጃ ያሰኛል። ስለዚህ 70 በመቶ ያለው የብሪታንያ ምሩቅ በሌላ አገር መለኪያ «መካከለኛ» ተብሎ እንዳይታይ፣ የመመዘኛውን ማብራሪያ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዞ ይላክ።

ደብዳቤውንና ገንዘቡን ማንበብ

ኮንዲሽናል የሚል ቅበላ ገና የሚሟላ ነገር አለው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ውጤት ወይም የቋንቋ ፈተና። ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁኔታዎቹ መነሳታቸውን የሚገልጽ ሁለተኛ ደብዳቤ አግኙ።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» ሲባል ምን ምን እንደሚያካትት በዝርዝር ጠይቁ። የትምህርት ክፍያ ነጻ መሆኑ ብቻ ነው ወይስ ለኑሮ የሚሆን ስታይፔንድም አለው? የጤና መድንስ? ስንት ዓመት ይቆያል? በየዓመቱ ለመታደስ ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል? አሲስታንትሺፕ ከሆነ ትሠራላችሁ፤ ክፍል ታስተምራላችሁ ወይም በፕሮፌሰሩ ምርምር ላይ ትረዳላችሁ። ጥሩ ልምድ ነው፣ ግን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ዕወቁ። ፋይናንሻል ኤይድ በሚል ርእስ ሥር ብድርም ይካተታል። ብድር ይከፈላል።

ዕውቅናውን ማጣራት

ዕውቅና ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለተቋሙ የሚሰጥ ነው፤ ሌላው ለፕሮግራሙ። ዩኒቨርሲቲው ዕውቅና ኖሮት የምትማሩበት ፕሮግራም ግን በሙያው ማኅበር ያልታወቀ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በምሕንድስና የዋሽንግተን ስምምነት የሚባል አለ፤ በ1989 የተፈረመ ሲሆን አባል አገሮች አንዱ የሌላውን ዕውቅና ያለው የምሕንድስና ዲግሪ እንዲቀበሉ ያደርጋል። መሐንዲስ መሆን የሚፈልግ ሰው የመረጠው ፕሮግራም ከዚህ ውስጥ መኖሩን ያጣራ። በሕክምና፣ በሕግና በነርሲንግ ደግሞ ዲግሪ ብቻውን አያሠራም፤ የሙያ ፈቃድ ፈተና ለብቻው አለ። ለመሥራት የምታስቡበትን አገር ፈቃድ ሰጪ አካል ከመመዝገባችሁ በፊት አነጋግሩ።

በሥራ ልምዳችሁ ብቻ፣ ያለ ትምህርት፣ በሳምንታት ውስጥ ዲግሪ እንሰጣለን የሚል ተቋም ካጋጠማችሁ አትጠጉት። ዕውቅና ሰጪያችን የሚሉትን ድርጅት ስምም በአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ሐሰተኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሐሰተኛ ዕውቅና ሰጪም ያቋቁማሉ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ አስቀምጡ። ትራንስክሪፕት የኮርሱን ስም፣ ክሬዲቱንና ውጤቱን እንጂ ይዘቱን አይናገርም። ክሬዲት ለማዛወር፣ ለአቻ ግመታ ወይም ለሙያ ፈቃድ ስታመለክቱ ግን የሚጠየቀው ይዘቱ ነው፤ ያኔ ኮርሱ ተቀይሮ ወይም መምህሩ ለቆ ሊሆን ይችላል። በፒዲኤፍ አውርዱትና በየሴሚስተሩ በአንድ ፎልደር ውስጥ አኑሩት።